‹‹ይለመዳል›› ብሎ መሸኘት

ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ፕሮግረሲቭ መነጽር አሠርተው የሚመለሱ ወላጆች አሉ። አንዳንዶቹ ይዘውት የሚመጡት ምክር አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ‹‹ይለመዳል››። እኛ ደግሞ እንዴት? በስንት ቀን? እንላለን።

ሌንሱ ከላይ ለሩቅ፣ ከመሀል ለመካከለኛ ርቀት፣ ከታች ለቅርብ የተሠራ ነው። ግራና ቀኙ ላይ ነገር ይጣመማል። ይህ ከአሠራሩ የሚመጣ ነው፤ ፈረንሳዊው በርናር ሜትናዝ የፈጠረው ቫሪሉክስ እ.ኤ.አ. በ1959 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ወደ ጎን ሲያዩ ዓይንን ሳይሆን አንገትን ማዞር፣ ቁልቁል ሲወርዱ አገጭን ዝቅ አድርጎ መሬቱን በላይኛው ክፍል ማየት ነው። በዝናብ በራሰ የቡና ማሳ ቁልቁለት ላይ ይህን ያልተነገረው ሰው እግሩ ሥር ያለው መሬት ይደበዝዝበታል፤ መውደቅም አለ። ሁለት ሳምንት አልፎት ካልተለመደ ልኬቱና የፍሬሙ አቀማመጥ እንደገና ይታይ።

ቡና ለሚለቅሙና ለሚያበጥሩ እናቶች ግን ተራው የቅርብ መነጽር ይበቃል ባዮች ነን። በሕንድ አሳም ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሻይ ለቃሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ ርካሽ የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ ምርታቸው ከ20 በመቶ በላይ ጨምሯል።

ፕሮግረሲቭ የሚሸጥ ደግሞ ደንበኛው ሂሳቡን ከፍሎ ሳይወጣ አንዴ ደረጃ ያስወርደው።