ካህን «ዐረፈ» የሚባለው ሲሞት ብቻ ነው?

ስለ አንድ ካህን «ዐረፉ» ሲባል ሰሚው ወዲያው «ነፍስ ይማር» ይላል። ከሥራ ፋታ ወስደው ይሆናል ብሎ የሚያስብ የለም። በዚህ አገር አገልጋይ የሚያርፈው ሲሞት ብቻ ነው የተባለ ይመስላል።

ይህ ልማድ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት ጅጅጋን ማሰብ ይበቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናት ተገደሉ፤ ቤትና ሱቅ ተዘረፈ። በቀናት ውስጥ የክልሉ ፕሬዚዳንት አብዲ መሐመድ ዑመር ሥልጣን ለቀቁ፤ በነሐሴ ወር ታሰሩ። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተብሏል። በሕይወት ስለተረፉት አገልጋዮች ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። ጓደኛውን የቀበረ ካህን በማግስቱ የሟችን ቤተሰብ ማጽናናት፣ የተፈናቀለውን ማረጋጋት፣ ከዚያም መቀደስ ይጠበቅበታል። የእሱን ኀዘን ማን ሰማው? መቼስ ፋታ አገኘ?

በሌላው ዓለም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አንድ መጋቢ ለዓመታት ካገለገለ በኋላ ለጥቂት ወራት ዕረፍት ይሰጡታል፤ «ሰባቲካል» ይሉታል። ቃሉ ለጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እንግዳ አይደለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ግን ሁለት መልስ ይጠብቀዋል፤ «የፈረንጅ ነገር ነው» እና «ከእግዚአብሔር ሥራ ምን ዕረፍት አለ?»

ሁለቱም መልሶች ልክ አይደሉም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት በሰሙን ተከፋፍለው ያገለግላሉ፤ ሰሙነኛው ተራውን ሲጨርስ ለሌላው ያስረክባል። የዮሐንስ መጥምቅ አባት ዘካርያስም የአገልግሎቱ ወራት ሲፈጸም ወደ ቤቱ ሄዷል። ኤልያስ ሞትን እስኪመኝ ሲደክም መጀመሪያ የተሰጠው ተግሣጽ ሳይሆን እንቅልፍና ምግብ ነው። ወደ ሥራው ሲመለስ ደግሞ ኤልሳዕ ተጨመረለት። ያንኑ ሸክም ብቻውን ተሸከም አልተባለም።

ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዕረፍት መስጠት አንድ ነገር ነው፤ መመለስ ሌላ ነው። ከወራት በኋላ የተመለሰ ካህን ወይም ፓስተር ደጃፉ ላይ የሚጠብቀው የተጠራቀመ ሥራ ነው፦ ያልታረቁ ባልና ሚስት፣ የሰበካ ጉባኤ ጭቅጭቅ፣ ያልተዘጋ ሒሳብ። ሰላምታው ራሱ «ጠፉብን እኮ!» ነው። በፍቅር የተባለ ቢሆንም ዕረፍቱን ኩብለላ ያስመስለዋል። ሰውየው ዕዳ ያለበት ይመስለውና በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ድካም ይመለሳል።

ጅጅጋ ከመቃጠሏ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ሌላ መመለስ አይታ ነበር። አቡነ መርቆሬዎስ ከሃያ ዓመት በላይ በስደት ቆይተው ሐምሌ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. አገራቸው ገቡ። ስደት ዕረፍት አይደለም፤ አመላለሳቸው ግን ትምህርት አለው። አስቀድሞ በዋሽንግተን በተደረሰው ስምምነት እሳቸው በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ ደግሞ በአስተዳደሩ እንዲያገለግሉ ተወስኗል። በ2014 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስም የፓትርያርክነት ክብራቸው አልተነካም። የሚመለሰው ሰው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ከመምጣቱ በፊት ታውቆ ነበር። ለፓትርያርክ የተቻለው ለአንድ ደብር ካህን የማይቻልበት ምክንያት የለም።

«የድሃ ደብር ሁለት ደመወዝ ከየት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት ክልል ምእመናኑ ጥቂት ናቸው፤ ተተኪ ካህን ከሐረር ቢጠራ እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለው። በአንድ ፓስተር የምትንቀሳቀስ የወንጌላውያን ጉባኤም ያው ችግር አለባት። ስለዚህ ሸክሙ የጅጅጋ ብቻ መሆን የለበትም። ገቢያቸው የተትረፈረፈ የአዲስ አበባ አድባራትና ትልልቅ ጉባኤዎች ለሦስት ወር ተተኪ አገልጋይ ከነደመወዙ ቢልኩ የሚጎድልባቸው ነገር ጥቂት ነው።

የተቀረው የምእመኑ ድርሻ ነው፤ እሱም ገንዘብ አይጠይቅም። የተመለሰው አገልጋይ በመጀመሪያው ወር ከቅዳሴና ከጸሎት፣ ፓስተር ከሆነም ከስብከት በላይ ባይጠየቅ። ሽምግልናውን ሽማግሌዎች፣ ሒሳቡን ሒሳብ ያዡ ቢይዙለት። ካህንም ንስሐ አባት አለውና የሆዱን የሚናገርበት ጊዜ ቢያገኝ።

ደጃፉ ላይ ሲያገኙትም «ጠፉብን» ከማለት «እንኳን ደኅና መጡ፣ አባ፤ ድካሙ ወጣልዎ?» ማለት ይሻላል። በቁሙ ያላረፈ ካህን «ዐረፉ» ከተባለ በኋላ ቢያለቅሱለት ምን ይጠቅመዋል?