ግሮንኬርን በአንድ ጎል አትመዝኑት

የዴንማርካዊው የመስመር አጥቂ የስፐር ግሮንኬር ስም ሲነሳ አብራ የምትነሳው አንዲት ጎል ናት፤ በፈረንጆቹ ግንቦት 11 ቀን 2003 ቼልሲ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ ቻምፒየንስ ሊግ የገባባት፣ ከሳምንታት በኋላም ባለሀብቱ አብራሞቪች ክለቡን የገዛባት። ከቀኝ ወደ ውስጥ ሰብሮ በግራ እግሩ የመታት ያቺ ኳስ በእርግጥ ውብ ነበረች። ነገር ግን ከጨዋታው በፊት ሁለቱ ክለቦች በነጥብ እኩል ስለነበሩ፣ በጎል ክፍያ ለሚበልጠው ቼልሲ አቻ ይበቃው ነበር። አቻ ያደረገው ደግሞ ሂፒያ ሊቨርፑልን መሪ ካደረገ ከደቂቃዎች በኋላ ዴሳይ በግንባሩ ያስቆጠረው ጎል ነው፤ ኳሷን ያሻማለት ራሱ ግሮንኬር! ለዚህ ነው ሥራውን በጎል መቁጠር የማይገባው። ለዴንማርክ 80 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው 5 ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ሆኖም አሰልጣኞች ለዓመታት የጠሩት ተከላካይ አልፎ ለሌላው ስለሚያመቻች ነው። በቼልሲ ያበቃለት የመሰላቸውም ተሳስተዋል፤ በ2010/11 ኮፐንሀገን በቻምፒየንስ ሊግ ከምድቡ አልፎ 16ቱ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የዴንማርክ ክለብ ሲሆን፣ የ33 ዓመቱ ግሮንኬር እዚያው ነበር።