ለዘወትር የሚሆን ቀለበት



ባለፈው ክረምት መዳረሻ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሞጣ ቢቸና ድረስ መጥቶ ቤቴን አንኳኳ። የኒካሑ ቀን ቀርቧል፤ ፊቱ ግን የሙሽራ አይመስልም። ሻይ ከቀረበ በኋላ «ኡስታዝ፣ ቀለበት አስቸገረኝ» አለኝ። የልጅቷ ወገኖች ለሁለቱም አንድ ዓይነት የወርቅ ቀለበት እንዲገዛ ይጠብቃሉ። ገንዘቡ አልሞላለትም፤ ባለ ወርቅ ቤቱ «ግማሹን ስጠኝ፣ ቀሪውን ከሰርጉ በኋላ ታመጣለህ» ብሎታል። «እምቢ ብል ንፉግ እባላለሁ፤ እሺ ብል ደግሞ ልቤ አይቀበለውም» አለ።

ልቡ እውነቱን ነው። ወርቅ ለሴቶቻችን ሐላል ሲሆን ለወንዶች ሐራም ነው። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰው አይተው ከጣቱ አውልቀው ጣሉት፤ ሰዎች አንስቶ እንዲጠቀምበት ቢመክሩትም እርሳቸው የጣሉትን አላነሳም። ዱቤውም ሌላ ችግር አለበት። ወርቅ በገንዘብ ሲገዛ ርክክቡ እዚያው፣ እጅ በእጅ መሆን እንዳለበት አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማእ ይናገራሉ።

ታዲያ ወንድ ቀለበት አያድርግ ማለት ነውን? አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ደብዳቤ ሊጽፉ ባሰቡ ጊዜ፣ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው። በዚህም ምክንያት «ሙሐመድ ረሱሉላህ» የሚል የተቀረጸበት የብር ቀለበት አሠሩ። ከእርሳቸው በኋላ በአቡበክር፣ በዑመርና በዑስማን (ረ.ዐ) እጅ ቆይቶ፣ በመዲና አሪስ በሚባለው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ጠፋ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ያ ቀለበት ሥራ የሚሠራ ቀለበት ነበር። እኛም ለዘወትር ስንመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ይህ እጅ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል?» ብለን ነው።

ሊጥ የምታቦካ፣ ልብስ የምታጥብ፣ ሕፃን የምታቅፍ እህት ፈርጡ ከፍ ብሎ በጥፍር የተያዘ ቀለበት አይመቻትም። ሊጥ ይሰገሰግበታል፣ ክር ይይዛል፣ የሕፃን ቆዳ ይቧጭራል። ለእርሷ ዙሪያው ለስላሳ የሆነ ድፍን ቀለበት ይሻላታል። ወርቅ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ይለሰልሳል፤ 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት ደግሞ 75 በመቶ ወርቅ ነው። ለዘወትር ሥራ 18ቱ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። በውስጠኛው ገጽ 875 ወይም 750 የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ለብር 925 ነው። አያቶቻችን ጌጣቸውን ያሠሩበት የነበረው የማርትሬዛ ብር እንኳ ከ1000 እጅ 833 ያህሉ ብር ነበር። ጣቱ የሚያሳክከው ሰው ኒኬል የተቀላቀለበትን ርካሽ ቀለበት ይራቅ።

ልኩ በጠዋት አይወሰድ። በሞጣ ብርድ ጠዋት የሚሰፋ ቀለበት ከሰዓት በኋላ ይጠብቃልና፣ እጅ ከሞቀ በኋላ ይለካ። የጣት አንጓን በትንሹ ታግሎ የሚያልፍ ከሆነ ልኩ ነው። የሚጠብቅ ከሆነ በዉዱእ ጊዜ ውኃው ከሥሩ እንዲደርስ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በረኪና ወርቅንም ብርንም ስለሚጎዳ ከማጠብ በፊት ይውለቅ። ወፍጮ ቤት ወይም ጋራዥ የሚሠራ ወንድም ደግሞ ሥራ ሲጀምር ቀለበቱን ኪሱ ይክተት፤ ማሽን ቀለበት ከያዘ ጣቱንም ይዞ ይሄዳል። የአላህ ስም የተቀረጸበት ከሆነ መጸዳጃ ቤት ይዞ አለመግባቱ አደብ ነው። ወንዶች በትንሿ ጣት ማድረጋቸው ሱና ሲሆን፣ በጠቋሚና በመካከለኛው ጣት ማድረግ መከልከሉን ዐሊይ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል።

ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ ተማሪዬን አንድ ነገር ጠየቅኩት፤ «ልጅቷስ ምን አለች?» ዝም አለ። አልጠየቃትም ነበር! አክስቶች ተናግረዋል፣ ሽማግሌዎች ተናግረዋል፤ የመህሩ ባለቤት ግን አልተጠየቀችም። መህር የሙሽራዋ የራሷ ሐቅ ነው። የአባትም የአክስትም አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምንም የሌለውን ሰሓባ የብረት ቀለበት እንኳ ቢሆን ፈልግ ብለውት፣ እርሱንም ባጣ ጊዜ ከቁርኣን በሚያውቀው የዳሩት በሰዎች ፊት ለመታየት አልነበረም።

ልጁ ተመልሶ በወንድሟ ፊት ጠየቃት። «እኔ ጥንድ ወርቅ አላልኩም፤ ዕዳ ይዘን ቤት እንድንገባም አልፈልግም» አለችው። ለእርሷ ቀጭን 18 ካራት፣ እጅ በእጅ ተከፍሎ ተገዛ፤ ለእርሱ የብር ቀለበት። አክስቶች ለሁለት ሳምንት አኮረፉ። ከዚያ በኋላ ሰርጉን ሲያደምቁ የዋሉትም እነሱው ናቸው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ቀለበት ከማጥለቃቸው በፊት አንገታቸው ላይ ዕዳ አታጥልቁባቸው። ወጣቶችም ወርቅ ቤት ከመግባታችሁ በፊት እርስ በርስ ተጠያየቁ።

ወላሁ አዕለም። ለሚቀጥለው ወር በሰላም ያድርሰን።