በረዶው የስብከት ምሳሌ ብቻ ነውን?



ባለፈው ነሐሴ ከአንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ጋር አላስካ ወደሚገኘው ኬናይ ፊዮርድስ ብሔራዊ ፓርክ ሄጄ ነበር። ፓርኩ ባሕርና ተራራ የተገናኙበት፣ ግማሽ ያህሉ በበረዶ የተሸፈነ ምድር ነው። ሃርዲንግ ከሚባለው ሰፊ የበረዶ ሜዳ አርባ የሚጠጉ የበረዶ ግግሮች በየሸለቆው ይወርዳሉ፤ አንዳንዶቹም ባሕሩ ድረስ ዘልቀው እየተናዱ ይወድቃሉ። በመኪና የሚደረስበት ግን ከሲዋርድ ከተማ አጠገብ ያለው ኤግዚት የተባለው ግግር ብቻ ነው።

ወደዚህ ግግር በሚወስደው መንገድ ዳር ዓመት የተጻፈባቸው ምልክቶች ቆመዋል፦ 1815፣ 1917፣ 1951፣ 2010፣ ሁሉም እ.ኤ.አ.። እያንዳንዱ ምልክት የበረዶው ጫፍ በዚያ ዓመት የት እንደነበር ያሳያል። ዛሬ በረዶው ከመጀመሪያው ምልክት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቷል። ክረምት የጣለው በረዶ ሞቃቱ ወራት ከሚያቀልጠው ሲያንስ ግግሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እኛ የምናቃጥለው ነዳጅ ደግሞ ሙቀቱን አባብሶታል።

እውነቱን ልናገርና፣ ምልክቶቹን እያየሁ ስብከት ማዘጋጀት ጀመርሁ። የመጀመሪያ ፍቅራችንም እንዲሁ ሳይታወቀን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይሸሻል! ርዕሱ፣ ሦስቱ ነጥቦች፣ መደምደሚያው ሳይቀር በልቤ አለቀ። ለወንድሜ ስነግረው ፈገግ አለና፣ «ጥሩ ነው፤ ስለ በረዶው ራሱስ ምንም አትልም?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ ዳገቱን ተያያዝነው። መንገዱ ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። አካባቢው የጥቁር ድብ አገር በመሆኑ ሰው ድንገት እንዳይደርስበት ድምፅ እያሰማ መሄድ አለበት፤ እኛም መዝሙር እየዘመርን ወጣን። መጀመሪያ ደን፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦና ሣር፣ በመጨረሻም ድንጋይና በረዶ ብቻ። ጫፉ ላይ ስንደርስ መዝሙሩ ከአፋችን ላይ ቀረ። ዓይን እስኪደክም ድረስ ነጭ ሜዳ ነው፤ ቤት የለ፣ ሰው የለ።

እዚያ ቆሜ ኢዮብን አሰብሁ። ጌታ በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲናገረው ስለ በረዶው መዛግብት ጠየቀው፤ ሰው በማይኖርበት ምድር ላይ እንኳ ዝናብ እንደሚያዘንብም ነገረው። ያ ዝናብ ለኢዮብ እርሻ አልነበረም። እግዚአብሔር እኛ የማንጠቀምበትንም ሥራውን ይወደዋል ማለት ነው። እኛ ግን ፍጥረትን የምናነሣው ምሳሌ ሲያስፈልገን ብቻ ሆኗል። የሠሪውን ሥራ እንደ መድረክ ማስጌጫ ቆጥረነዋል።

«ይህ ዓለም እንደሁ ያልፋል፤ እኛ ነፍስ እናድን» የሚሉ ወገኖች አሉ። ነፍስ ማዳን ይቅደም፤ አሜን። ነገር ግን ሥጋችንም ያልፋል፤ ሲታመም ግን እናሳክመዋለን። ለመጀመሪያው ሰው የተሰጠው ሥራ ገነትን ማልማትና መጠበቅ ነበር። አደራ የተሰጠው ሰው ባለቤቱ እስኪመጣ ዕቃውን ቢያበላሸው በአገራችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፦ አደራ በላ።

ድንጋይ ለመወርወር አልተነሣሁም፤ እኔም እዚያ የደረስሁት በአውሮፕላን ነው። ግን ከራሳችን ደጅ እንጀምር። ጉባኤያችን ሲያበቃ ግቢው በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ «ጌታ ሆይ፣ ሥራህ ድንቅ ነው» ብለን ወደ ቤታችን መግባታችን አያሳፍረንም? የሰንበት ትምህርት ልጆቻችን ስለ ፍጥረት ሲማሩ ቀለም ከመቀባት አልፈው ዛፍ ተክለው ቢንከባከቡስ?

ያንን ስብከት አልጣልሁትም፤ አንድ ቀን እሰብከው ይሆናል። ከመስበኬ በፊት ግን አንድ ንስሐ ይቀድመዋል፦ ጌታ ሆይ፣ የአንተ የሆነውን ሁሉ የእኔ ምሳሌ ብቻ አድርጌ ስላየሁ ይቅር በለኝ።