ስልኩ የመምህሯ ጆሮ ሲሆን

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ወጣቶችንም ሆነ ልጆቻቸውን ት/ቤት የሚልኩ ወላጆችን የሚመለከት ነው።

ነገሩን የሰማሁት ከእህቴ ልጅ ነው። እርሷ የመምህራን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ተልካ ሁለተኛ ክፍልን ታስተምር ነበር። በክፍሉ ውስጥ 68 ሕፃናት ይማራሉ። ከልምምድ ሥራዎቿ አንዱ በዲጂታል መሣሪያ የታገዘ ትምህርት አዘጋጅታ በአማካሪ መምህሯ ፊት ማቅረብ ነበር። በመሆኑም ሁለት ሌሊት ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተደፍታ ፊደላትንና የእንስሳት ሥዕሎችን አቀናበረች፤ ፕሮጀክተርም ተዋሰች። በዕለቱ ሽቦው እስኪዘረጋና መስኮቱ በነጠላ እስኪጋረድ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሩብ ያህሉ አለቀ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ሲበራ ልጆቹ በጭብጨባ ተቀበሉት። ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ።

አማካሪዋ አልተቆጧትም። ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ ብቻ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ብለው ጠየቋት። ልጅቷም "ሲኒማ አየን" ስትል መለሰች።

"አጎቴ፣ ስሙኝማ፤ መብራቱ ባይጠፋም መልሷ ያው ነበር" አለችኝ ማታ እንባ እየተናነቃት። ጥፋቱን በመብራት ባለማሳበቧ በልቤ አደነቅኋት።

ለመሆኑ ይህ ስህተት የእርሷ ብቻ ነውን? አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የተጀመረውን፣ "ፕላዝማ" እያልን የምንጠራውን የሳተላይት ትምህርት የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ መምህሩ ከመግቢያውና ከመዝጊያው ጥቂት ደቂቃዎች በስተቀር የሚናገርበት ጊዜ አልነበረውም። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም ነበር። በሌላው የዓለም ክፍል ደግሞ የፔሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለገጠር ሕፃናት ላፕቶፕ አደለ። በ319 ት/ቤቶች ተካሂዶ በ2012 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ግን፣ በኮምፒዩተር አጠቃቀም የለመዱ ልጆች ቢገኙም በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም። ይህ የሆነው መሣሪያው ስለተበላሸ ሳይሆን፣ በየትኛው ትምህርት ለምን እንደሚውል መምህራኑ በሚገባ ስላልተዘጋጁበት ነው።

ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮህለር የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ መምህር ሦስት ዕውቀቶችን ማጣመር አለበት ይላሉ። እነርሱም የሚያስተምረው ትምህርት፣ የማስተማር ዘዴና መሣሪያው ናቸው። መሣሪያውን ብቻ ያወቀ ሰው የማስተማሪያ ባለሙያ አይሆንም ማለት ነው።

ልጅቱም ለሁለተኛው ሙከራዋ ስትዘጋጅ ላፕቶፑን ከመክፈቷ በፊት ራሷን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ "በጠመኔና በሰሌዳ የማልችለው ነገር ምንድን ነው?" መልሱን ያገኘችው በልጅነቷ ከቀራችበት ቁርአን ቤት ነው። እዚያ እያንዳንዱ ልጅ ለውሑን ይዞ በኡስታዙ ፊት ይቀመጣል፤ ብቻውን ያነባል፤ ኡስታዙም እያንዳንዷን ድምፅ ሰምተው ያርሙታል። ካልቻለ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። በእርሷ ክፍል ግን 40 ደቂቃ ለ68 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 35 ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በኅብረት ያነባሉ። በኅብረት ንባብ ውስጥ ደግሞ ማንበብ የማይችል ልጅ በቀላሉ ይደበቃል። የጎደላት ፕሮጀክተር ሳይሆን ጆሮ ነበር።

በመሆኑም ርዕሰ መምህሩንና ወላጆችን አስፈቅዳ በገዛ ስልኳ መጠቀም ጀመረች። ኔትወርኩን ትዘጋና ስልኩን በክፍሉ ጥግ በሚገኝ ጠረጴዛ ላይ ታኖረዋለች። ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲጽፉ፣ የዕለቱ ተረኛ ስድስት ልጆች አንድ በአንድ እየሄዱ የተመረጠላቸውን ገጽ ለአንድ ደቂቃ ያነባሉ፤ ስልኩም ድምፃቸውን ይቀዳል። በዚህ ሁኔታ በ12 የትምህርት ቀናት ሁሉም ይዳረሳሉ። ማታ መጽሐፉን ገልጣ ታዳምጥና የትኛው ልጅ የትኛውን ፊደል እንደሚስት በደብተሯ ትመዘግባለች። በማግሥቱ ለልጁ የራሱን ድምፅ ታሰማዋለች። ብዙዎቹ ማንም ሳይነግራቸው "እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ" ይሏታል። ስልኩ ከቤት ባትሪው ሞልቶ ስለሚመጣም የመብራት መጥፋት አላሰጋትም።

ከተረኞቹ መካከል በክፍሉ ጎበዝ አንባቢ የሚባል አንድ ልጅ ነበር። የኅብረቱን ንባብ የሚመራው እርሱ ነው። ማታ ስታዳምጠው ድምፁ ጥርት ያለ፣ ምንም መደነቃቀፍ የሌለበት ነበር። ነገር ግን የሰጠችው ገጽ 14ን ሲሆን፣ ልጁ ያነበበው ገጽ 12ን ነበር! በማግሥቱ ያንኑ የገጽ 12 ቃላት ቅደም ተከተላቸውን ቀያይራ በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ልጁ ወረቀቱን ሲያይ ቆየና አንገቱን ደፋ። "ታላቅ እህቴ ታነብልኛለች፤ እኔ እይዘዋለሁ" አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፉን በቃሉ ሲያጠና ኖሯል እንጂ አላነበበም።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ታዲያ ስንቱ ልጅ በጓደኞቹ ድምፅ ተሸፍኖ ክፍል አልፎ ይሆን?

የእህቴ ልጅ በቀሩት ሳምንታት በየዕረፍቱ ከልጁ ጋር ከፊደል ገበታው ጀመረች። ልምምዷን ስትጨርስ ልጁ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ቀስ እያለ፣ በጣቱ እየተከተለ ያነብ ነበር። እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ የሚያነበው ግን የተጻፈውን ነው። ቅጂዎቹን በሙሉ አጥፍታ ደብተሯን ለክፍሉ መምህር አስረክባ ተመለሰች። አማካሪዋም በግምገማው ወረቀት ላይ "ተማሪዎቿን ታውቃለች" ብለው ጻፉላት።

ለመምህርነት የምትሠለጥኑ እህቶችና ወንድሞች! መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ልጁ የቸገረውን ምረጡ። መሣሪያው ያንን የማይፈታ ከሆነ ጠመኔው ይበቃል። የሕፃናትን ድምፅና ምስል ያለ ወላጅ ፈቃድ አትቅዱ፤ ከተጠቀማችሁበት በኋላ አጥፉት፤ በቴሌግራምም ሆነ በሌላ መንገድ ለሰው አትላኩ። የልጅ ስህተት አማና ነው።

ወላጆችስ? እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ቤቴ ገብቼ ሦስተኛ ክፍል የምትማረውን ልጄን ጠራኋት። ባለፈው ዓመት ለጉብዝናዋ ታብሌት ገዝቼላታለሁ። ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀውን አንድ አጭር ጽሑፍ ሰጥቻት "እስቲ አንብቢልኝ" አልኳት። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። ታብሌቱን የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ ተቀምጬ ግን አድምጫት አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመግሪብ በኋላ አሥር ደቂቃ የእርሷ ናት፤ እርሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁን ጠርታችሁ አዲስ ገጽ አስነብቡት።