ገጠሩ ንጹሕ፣ ከተማው አስመሳይ?

ፑሽኪንን በቅድመ አያቱ በአብራም ሃኒባል በኩል «የኛ ነው» ማለት እንወዳለን። እሺ፣ የኛ ይሁን። ግን «የቭጌኒ ኦኔጊን»ን ያነበብን ስንቶቻችን ነን?

ስለ ሩሲያ ልብወለድ ወሬ ከተነሳ «እውነተኛ ፍቅር ያለው ገጠር ነው፣ ከተማው ማስመሰል ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ማስረጃም አለው። ታቲያና ገጠር ሳለች ይሉኝታ ሳይዛት ለኦኔጊን የፍቅር ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ከዓመታት በኋላ ፒተርስበርግ ላይ ባለትዳርና የተከበረች እመቤት ሆና ሲያገኛት ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ቶልስቶይም አናና ቭሮንስኪን የሚያገናኛቸው ሞስኮ ባቡር ጣቢያ ሲሆን ሌቪንን ግን ከገበሬዎች ጋር ሣር ያሳጭደዋል።

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ኦኔጊን ታቲያናን አልፈልግም ያላት እዚያው ገጠር ነው፤ ጓደኛውን ሌንስኪን የገደለውም እዚያው ነው። ሌቪን ኪቲን እሺ ያሰኛት ደግሞ ሞስኮ፣ የቃላቱን መነሻ ፊደል ብቻ በጠመኔ እየጻፈ። አናና ቭሮንስኪ ገጠር ቢወርዱም ጭንቀታቸው አብሯቸው ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1899 በወጣው የቼኾቭ «ባለውሻዋ እመቤት» ውስጥም ጉሮቭ ያልታ ላይ የተዋወቃትን ሴት እረሳታለሁ ብሎ ነበር፤ የምር እንደወደዳት የገባው ሞስኮ ተመልሶ በሥራውና በካርታ ጨዋታው መሀል ነው።

በኔ አስተያየት ቦታ የሚወስነው ፍቅር የሚያስከፍለውን ዋጋ ነው። ገጠር ውስጥ ሰው ጥቂት፣ ጊዜው ረጅም ነው፤ አንድ እንግዳ ብቅ ካለ ልብ ይሰቀላል። ፒተርስበርግ ላይ ደግሞ ዓይን ብዙ ነው። ቭሮንስኪ እንደልቡ ሲወጣና ሲገባ አና ግን ቲያትር ቤት በመገኘቷ ብቻ በሰው ፊት ተዋርዳለች። ፍቅሩ የሁለቱም ሆኖ ሳለ ዕዳውን የከፈለችው እሷ ናት።

ይሄን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ስደት ላይ ሆነን «የዚህ አገሮቹ አይሆኑህም፣ ከአገር ቤት ጨዋ ልጅ አምጣ» ስንባባል እሰማለሁ። ያቺ ልጅ እኮ ነገ ዋሽንግተን ወይ ዱባይ ስትገባ እንደ ታቲያና ሌላ ሰው ልትሆን ትችላለች። ያኔ ምን ልንላት ነው?

ኦኔጊን ገጠር ሳለች ተራ የባላገር ልጅ አድርጎ አያት፤ ከተማ ላይ ክብሯ ማረከው። ሁለቴም ያየው የቆመችበትን ቦታ ነው። እሷም ይህንኑ ፊት ለፊት ጠየቀችው፤ እየወደደችውም ቢሆን ትታው ሄደች። እኔ ብሆንም አልፈርድባትም።