ሳይሰማ የቀረ ካሴት

አዲስ ዘፈን በየቀኑ ከስልክ እየመረጡ ማዳመጥ ቀላል ሆኗልና፥ በየቤታችን አቧራ የለበሰውን ካሴት ማንሣት ለብዙ ሰው ከንቱ ድካም ይመስለዋል። ለእኔ ግን አይመስለኝም።

ለዚህ አሳቤ ምስክር የምጠራው የአቶ ኃይሉ መርጊያን ካሴት ነው። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ አገር አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕደው ብቻቸውን ቀረጹት። በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ግን እኛ ዘንድ ዜና እስኪጀመር ጊዜ መሙያ ሆኖ ይቈጠራል፤ ይህ ልማድ ሁልጊዜ ያናድደኛል። አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ያገኘውን ያንኑ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፤ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ የነበሩት አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ። ካሴቱ ግን በስንቱ ቤት ተቀምጦ ኖሯል!

እኔም በዚህ ክረምት አባቴ የሰጡኝን ካሴቶች አውጥቼ፥ የላላውን ክር በእስክሪብቶ እያጠነጠንሁ፥ የታወቀውን ዘፈን አልፌ ሁለተኛውን ገጽ አዳመጥሁ። በአንዱ መጨረሻ ላይ ክራር ብቻውን የሚጫወትበት አለ፤ ሦስት ጊዜ መለስሁት። የሌሎቹ የሁለቱ ድምፅ ግን ታፍኖ አይለይም። ድምፁን የያዘው የክሩ ሽፋን በሙቀትና በርጥበት ይበላሻልና፥ የሚቀጥለውን ክረምት አይጠብቅም።

የተማሪ ቤታችን የሙዚቃ ክበብ አንድ የሚሠራ ቴፕ አለው፤ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጡን እኔ አግዛለሁ። ካሴት ያላችሁ፥ ሁለተኛውን ገጽ ሳትሰሙ አትጣሉት፤ አምጡት።